የጦር አይሮፕላን ጥገና ቤት ለአዲስ መሣሪያ ሲታደስ

አንድ አገር አዲስ የጦር አይሮፕላን ገዛ ሲባል ሕዝቡ ሁሉ የሚመለከተው ወደ ሰማይ ነው። ስለ ፍጥነቱ፥ ስለ ድምፁና ስለ አብራሪው ጀግንነት ብዙ ይነገራል። አይሮፕላኑ ከበረራ ሲመለስ ስለሚገባበትና ስለሚጠገንበት ቤት የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን አይሮፕላን የሚገዛው በገንዘብ ቢሆንም፥ ከዓመት ዓመት ሊበር የሚችለው በጥገና ቤቱ ኃይል ነው። ጥገና ቤት ያልተዘጋጀለት አይሮፕላን ጥቂት ወራት በርሮ ከቆመ በኋላ በአደባባይ ከተተከለ ሐውልት አይለይም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ለቀድሞ ዓይነት አይሮፕላን የተሠራ የጥገና ቤት አዲስ መሣሪያ ሲመጣለት ምን ምን ነገር እንደሚለወጥና ለምን እንደሚለወጥ መግለጽ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በቢሾፍቱ የሚገኘውን የኢትዮጵያን አየር ኃይል ነው፤ ምክንያቱም ከ1940 እስከ 1970 ዓ.ም. ባለው 30 ዓመት ብቻ የመሣሪያ ምንጩን ከስዊድን ወደ አሜሪካ፥ ከአሜሪካም ወደ ሶቪየት ኅብረት የለወጠ ስለ ሆነ፥ ለዚህ ጥናት የሚመች ታሪክ አለው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለእንጅባራ ተማሪ ነገሩ የራቀ ሊመስለው ይችላል። በአዊ ምድር የጦር አይሮፕላን ጥገና ቤት የለም። ነገር ግን የጉዳዩ ባሕርይ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በናፍጣ ሞተር ሲሠራ የነበረ የእህል ወፍጮ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዛወር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አሮጌውን ሞተር አውጥቶ አዲሱን በቦታው ማስቀመጥ ብቻውን ሥራውን አይፈጽምም። የሲሚንቶው መሠረት እንደ ገና ይሠራል፤ የብሎኖቹ ቦታ ይለወጣል፤ የቺንጊያው ርዝመት ይለካል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ይሳባል፤ የናፍጣውን ሞተር ሕመም በድምፁ ለይቶ ያውቅ የነበረው ባለ ወፍጮም አሁን ስለ ፊውዝና ስለ ሽቦ መማር ይኖርበታል። የአይሮፕላን ጥገና ቤት ዕድሳትም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ እጅግ የከበደ መሆኑ ነው።

፩. የቢሾፍቱ ልምድ

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ ፖቴዝ-25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፥ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን አይሮፕላን በአብዛኛው ከእንጨት፥ ከሸራና ከቀላል ብረት የተሠራ በመሆኑ ጥገናው ለጥሩ አናጢና ለጥሩ ብረት ሠሪ ብዙ አይርቅም ነበር። በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት፥ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአገራችን ተሠርታ የበረረችው «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን ለዚህ ምስክር ናት። ፀሐይ በጣሊያኖች ተወስዳ በሙዚየም ውስጥ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳ ተሰጥታለች።

ከነጻነት በኋላ አየር ኃይሉ እንደ ገና ሲቋቋም፥ በካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የሚመሩ የስዊድን ባለሙያዎች በቢሾፍቱ፥ በሐረር ሜዳ ሥራ ጀመሩ፤ ሳብ-17 የተባሉት ባለ ፒስተን ሞተር አይሮፕላኖችም ገቡ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ጄቶች በተራቸው መጡ፤ ከነዚህም ውስጥ ኤፍ-86ና ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ኤፍ-5 ዋነኞቹ ናቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው የጦር መሣሪያ ግንኙነት ተቋርጦ የሶቪየት ኅብረት ሚግ-21ና ሚግ-23 መግባት ጀመሩ። በ1991 ዓ.ም. ሱ-27፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሱ-30 ተጨምረዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅመው የ1969ና የ1970 ዓ.ም. ጊዜ ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ የኢትዮጵያ ኤፍ-5 አብራሪዎች የሶማሊያን ሚግ-21 አይሮፕላኖች በአየር ላይ ገጥመው ድል ያደረጉት፥ የመሣሪያው አገር ፊቱን ካዞረ በኋላ ነበር። ይህ ድል የአብራሪዎቹ ብቻ ሳይሆን፥ መለዋወጫ ሲያጥር አይሮፕላኖቹን ለበረራ ብቁ አድርገው ያቆዩአቸው መካኒኮች ድል ጭምር መሆኑ አያጠራጥርም። ወዲያውም በዚያው ጦርነት ጊዜ በኢንች የተሠራው ኤፍ-5ና በሚሊሜትር የተሠራው ሚግ በአንድ አየር ኃይል ውስጥ ጎን ለጎን አገለገሉ። እንግዲህ የጥገና ቤት ዕድሳት ዋናው ችግር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ አዲሱን ማስገባት ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ገና ሥራ ላይ ሳለ አንዱን ከሌላው ለይቶ መያዝ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ሁሉ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳል።

፪. ስለ ቤቱ

በመጀመሪያ የሚታየው የቤቱ በርና ወለል ነው። ሳብ-17 ከክንፍ እስከ ክንፍ 13.7 ሜትር ሲሆን ርዝመቱ ግን 10 ሜትር አይሞላም። ሚግ-21 በተቃራኒው የክንፉ ስፋት ከ7 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው በተሠራ ቤት ውስጥ ሁለተኛው በበሩ በኩል በቀላሉ ቢገባም፥ ጅራቱ ውጭ ሊቀር ይችላል። ሱ-27 ደግሞ 22 ሜትር ያህል ርዝመት፥ 14.7 ሜትር የክንፍ ስፋትና 6 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፥ በርንም፥ ጥልቀትንም፥ የጣራ ቁመትንም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ልኩ ሲወሰድም የአይሮፕላኑ ልክ ብቻ አይበቃም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ የሚወጣበት፥ መካኒኩም በመሰላል የሚዞርበት ቦታ መታሰብ አለበት።

ቀጥሎ ክብደት ይመጣል። ባዶው ሚግ-21 ከ5 ቶን ጥቂት ይበልጣል፤ ባዶው ሱ-27 ግን 16 ቶን ያህል ነው። አይሮፕላን ለምርመራ በክሪክ ሲነሣ ይህ ሁሉ ክብደት በጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፋል። እንግዲህ የወለሉ ሲሚንቶ ለቀድሞው የበቃ ቢሆንም፥ ለአዲሱ ሳይሰነጠቅ እንዲሸከም ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። በዚህ ረገድ አፈሩም ይመረመራል። በቢሾፍቱ አካባቢ በብዛት የሚገኘው መረሬ አፈር ሲርስ የሚያብጥ፥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ፥ እንደ እንጅባራ ቀይ አፈር አይደለም፤ መሠረቱ ያልጠለቀ ወለል በየክረምቱና በየበጋው ይንቀሳቀሳል። ወለሉ ካዘነበለ የክሪኩ ልክ ይዛባል፤ የክሪኩ ልክ ከተዛባም የክንፍና የጅራት መስመር ምርመራ እምነት የሚጣልበት አይሆንም።

ወለሉ ጠንካራ ብቻ ሳይሆን ንጹሕም መሆን አለበት። የጄት ሞተር ፊት ለፊቱ ያለውን አየር በኃይል ይስባል፤ ከአየሩ ጋር የተረሳ ብሎን ወይም ጠጠር ቢገባ የሞተሩን ምላጮች ይሰብራል። ስለዚህ ከፒስተን ወደ ጄት የሚዛወር ጥገና ቤት ወለሉን አቧራ በማይፈጥርና ዘይት በማይመጥ ቀለም ይሸፍናል። የመሣሪያ ሰሌዳም ይሠራል፤ በሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ፥ የእያንዳንዱ ካቻቢቴ ቅርጽ ይሣላል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ባዶ ቅርጽ ከታየ አንድ መሣሪያ ጠፍቷል ማለት ነው፤ መሣሪያው እስኪገኝ ድረስም አይሮፕላኑ አይበርም።

፫. ስለ ኤሌክትሪክና ስለ አየር

ከከተማ መስመር የምናገኘው ኤሌክትሪክ 220 ወይም 380 ቮልት ሲሆን፥ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። በጦር አይሮፕላን ውስጥ ያለው ግን በአንድ በኩል 28 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፥ በሌላ በኩል 115 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 400 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ምክንያቱ ክብደት ነው። የምልልሱ ቁጥር ከፍ ሲል በትራንስፎርመርና በሞተር ውስጥ የሚያስፈልገው ብረት ያንሳል፤ ለአይሮፕላን ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ነገር ግን ለ400 ምልልስ የተሠራ መሣሪያ በዚያው ቮልቴጅ ከ50 ምልልስ ጋር ቢገናኝ ይግላል፥ ይቃጠላልም። ስለዚህ ጥገና ቤቱ የከተማውን ኤሌክትሪክ ወደ አይሮፕላኑ ዓይነት የሚለውጥ መኪና ያስፈልገዋል፤ ሶኬቶቹም አንዱ በሌላው ቦታ ፈጽሞ እንዳይገባ ቅርጻቸው የተለያየ መሆን አለበት። «ተጠንቀቅ» የሚል ጽሕፈት ብቻውን አይበቃም፤ የደከመ ሰው ጽሕፈት አያነብምና።

የታመቀ አየርም እንዲሁ ነው። በሚግ-21 ላይ የጎማው ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ስለ ሆነ፥ በዘይት ኃይል ብቻ ለሚሠራ አይሮፕላን የተዘጋጀ ቤት ደረቅና ንጹሕ አየር የሚያምቅ ኮምፕሬሰርና ጠንካራ ሲሊንደሮች መጨመር ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የሚያመጣው ልዩ ጉዳይ አለ። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነችው በእንጅባራ ደግሞ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በሌላ አገር፥ በባሕር አጠገብ የተፈተነ ኮምፕሬሰር እዚህ ሲተከል በየደቂቃው የሚያምቀው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ የናፍጣ ጄኔሬተርም በወረቀት የተጻፈለትን ያህል ኃይል አይሰጥም። የጄት ሞተር በመሞከሪያ ቦታ ሲፈተን የሚነበበው ቁጥርም እንዲሁ ለከፍታውና ለሙቀቱ ሳይታረም ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደኅናውን ሞተር ታሟል ብሎ ሊያወርድ፥ ወይም የታመመውን «ከፍታው ነው» ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል።

፬. ስለ ልክ

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ያለው በትናንሽ ልዩነቶች ላይ ነው። የግማሽ ኢንች ዳዶ 12.7 ሚሊሜትር ነው። የ13 ሚሊሜትር መፍቻ ይገባበታል፤ ይዞረዋልም፤ ነገር ግን የሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ክፍተት ስላለ ጠርዙን ይበላዋል። ፈጽሞ የማይገባ መፍቻ ጉዳት የለውም፤ መካኒኩ ይተወዋል። ጉዳት የሚያመጣው የሚገባ መስሎ የማይገባው ነው። የአዊ ፈረሰኛ ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ የሌላ ፈረስ ኮርቻ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፥ መጫኛውም ይታሰራል፤ ቁስሉ የሚታየው ግን ከረጅም መንገድ በኋላ ነው።

ከውጭ አገር ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች እንጥቀስ። ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የተነሣ የመንገደኞች አይሮፕላን ከ5,000 ሜትር በላይ ሳለ የአብራሪው መስታወት ተነቅሎ፥ ካፒቴኑ እስከ ወገቡ ድረስ ወደ ውጭ ተሳበ። ባልደረቦቹ አጥብቀው ስለ ያዙት ሕይወቱ ተርፎ አይሮፕላኑም በደኅና አረፈ። በምርመራ እንደ ተገኘው፥ መስታወቱ በተለወጠ ጊዜ ከገቡት 90 ብሎኖች ውስጥ 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው በ0.66 ሚሊሜትር ያነሰ ነበር። ብሎኖቹ የተመረጡት በቁጥራቸው ሳይሆን በዓይን ተመሳስለው ነበር።

ሁለተኛው ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. በካናዳ የሆነው ነው። የካናዳ አየር መንገድ ነዳጅን በኪሎ የሚለካ አዲስ ቦይንግ 767 ገዝቶ ነበር፤ የቀሩት አይሮፕላኖቹ ግን የሚለኩት በፓውንድ ነበር። በዚያን ቀን የአይሮፕላኑ የነዳጅ መለኪያ ተበላሽቶ ስለ ነበር ሠራተኞቹ ነዳጁን በእጅ አሰሉ፤ በአንድ ሊትር 0.8 ኪሎ በማለት ፈንታ የቀድሞውን 1.77 ፓውንድ ተጠቀሙ። በዚህም አይሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሽ ያህሉን እንኳ ሳይዝ ተነሣ። ሁለቱ ሞተሮች በሰማይ ላይ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ ግን አይሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሳፈው ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ስላሳረፉት የሞተ ሰው አልነበረም። ነዳጁ ያነሰበት ምክንያት የመለኪያው መበላሸት ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ጉድለት አሮጌው ቁጥር ከአዲሱ ጎን መቀመጡ ነበር።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው፥ የጥገና ቤት ሲታደስ የኢንችና የሚሊሜትር መሣሪያ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ እንደማይገባ ነው። ሣጥኑ ቢለይ፥ ቀለሙ ቢለይ፥ ቢቻል ክፍሉ ቢለይ ይመረጣል። ብሎን ሲጠብቅ ኃይሉን የሚለኩት መፍቻዎችም፥ የግፊትና የሙቀት መለኪያዎችም በተወሰነ ጊዜ ከታመነ ልክ ጋር እየተመሳከሩ ቀኑ ሊጻፍባቸው ያስፈልጋል።

፭. ስለ ዘይትና ስለ እሳት

ዘይትም የልክ ያህል ያሳስታል። የአሜሪካና የሶቪየት የጦር አይሮፕላኖች ለኃይል ማስተላለፊያ የሚጠቀሙባቸው የታወቁት ዘይቶች ሁለቱም ቀለማቸው ቀይ ነው። ቀለማቸው አንድ ስለ ሆነ ግን አንድ ናቸው ማለት አይቻልም፤ የሚፈቀደውን የሚወስነው የአይሮፕላኑ መጽሐፍ ብቻ ነው። ለአንዱ ዘይት የተሠራ የጎማ ጓርኒሲዮን በሌላ ዓይነት ዘይት ሊያብጥ ወይም ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ በርሜሉ፥ ማስተላለፊያ ቱቦውና መቅጃው ሁሉ ለየብቻ ይሁን።

የኦክስጅን ክፍል ከዘይት ክፍል ርቆ ይሠራል፤ በኃይል የታመቀ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግራሶ ካገኘ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት እንዳያስነሣ አይሮፕላኑ በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ የማያያዣው ቦታም ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት መታሰብ አለበት። ወለሉ ካለቀ በኋላ የታሰበ እንደ ሆነ አዲሱን ሲሚንቶ መስበር ይመጣልና።

፮. ስለ ሥራው ቅደም ተከተልና ስለ ሰው

እስካሁን የተነገረው ስለ ዕቃ ነው። ነገር ግን ከመጽሐፍና ከሰው በፊት ዕቃ ቢገባ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሆናል። አንድ የኢትዮጵያ መካኒክ የኤፍ-5ን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተምሮ ሲያበቃ፥ የሚግን ለማወቅ ሩስኛ ያስፈልገው ነበር። ከፍታን በጫማ ማንበብ የለመደ ዓይን በሜትር ማንበብ፥ ፍጥነትን በኖት የለመደ በኪሎሜትር ማሰብ ነበረበት። እንዲህ ያለው ልማድ በአንድ ወር አይለወጥም፤ በተለይም ሰው ሲደክምና ሲጣደፍ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል። ይህም ስንፍና ሳይሆን የሰው ባሕርይ ስለ ሆነ፥ አሠራሩ ባሕርዩን እንዲጠብቀው ሆኖ መዘጋጀት አለበት። አንዱ የሠራውን ሌላው መርምሮ የሚፈርምበት ደንብ የወጣው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ማውጣት ይቻላል።

1ኛ/ አዲሱ አይሮፕላን ከመግባቱ በፊት የቤቱ፥ የወለሉ፥ የኤሌክትሪኩና የአየሩ ልክ ተወስዶ ጉድለቱ ይታወቅ።

2ኛ/ መካኒኮች ቀድመው ይሠልጥኑ፤ የአይሮፕላኑ ክፍሎች ስምም በሁለቱ ቋንቋ ከነአማርኛው ተጽፎ በሥራ ቦታ ይለጠፍ።

3ኛ/ ቤቱ ለሁለት ይከፈል፤ አሮጌው በአንድ ወገን ሲጠገን አዲሱ በሌላው ይዘጋጅ። ቤቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ መዝጋት የአገሩን ሰማይ ያለ ጠባቂ መተው ነው።

4ኛ/ በአዲሱ ወገን አስቀድሞ አንድ አይሮፕላን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጠግኖ፥ የታየው ችግር ይታረም።

5ኛ/ አሮጌው አይሮፕላን ከአገልግሎት ሲወጣ መሣሪያው፥ ዘይቱና መጽሐፉ በዚያው ቀን ከቤቱ ይውጣ።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። መሣሪያ የሚጣል ነገር አይደለምና «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ በመደርደሪያ ይቀመጣል። ለመኪና ጋራዥ ይህ ቁጠባ ነው፤ ለአይሮፕላን ጥገና ቤት ግን የተቀመጠ ወጥመድ ነው። ጥሩው መንገድ መሣሪያውን ለቴክኒክ ትምህርት ቤቶች መስጠት ነው። አገልግሎቱን የጨረሰ የጄት ሞተር ተከፍቶ በክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፥ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ያለ ተማሪ በሥዕል ብቻ ያየውን ምላጭ በእጁ ሊዳስሰው ይችላል።

ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ የተለያዩ መንግሥታት የተለያየ መሣሪያ ሰጥተውናል፤ ሸጠውልናልም። የስዊድኑ ሳብ-17 ሄዷል፤ የአሜሪካው ኤፍ-5ም ሄዷል። ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፎ የቀረው ግን የሰው እጅ ያወቀው ጥንቃቄ ነው፤ ይኸውም ንጹሕ ወለል፥ የተመሳከረ መለኪያ፥ የተቆጠረ መፍቻና በእውነት የተፈረመ ወረቀት ነው። ይህን የያዘ ጥገና ቤት ነገ የሚመጣው አይሮፕላን ከየትም አገር ቢሆን ሊቀበለው ይችላል። አብራሪውም ወደ አይሮፕላኑ ሲወጣ ሕይወቱን የሚያስረክበው ለሞተሩ ሳይሆን፥ ያን ብሎን ትናንት ማታ ላጠበቀው ለማያውቀው መካኒክ መሆኑን የጥገና ቤት አዳሾች ሁሉ ሊያስቡት ይገባል።